የመጽሐፍ አያያዝ

ሰው ሲያረጅ ከሠራው ሥራ የሚመካበትን መርጦ ማውራት ይወዳል። እኔም መረጥኩ፣ መረጥኩና በእጄ የቀረችው ይህች አንዲት ታሪክ ናት። እሷም የምታስመካ አይደለችም።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። አዲስ አበባ ትምህርትን በሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ማለት ያን ጊዜ ሌላ ሰው ያሰበውን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የሚገለብጥ ሰው ማለት ነው። አንድ ቀን አለቃዬ አስጠራኝና «ወልደአማኑኤል፣ አዳማ ወርደህ የልጆች ንባብ መርምረህ ትመጣለህ» አለኝ። በዕውቀቴ የተመረጥኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ኋላ እንደ ሰማሁት ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ታዘው ነበር። አንዱ ወባ ፈርቶ ቀረ፣ ሁለተኛው አክስቱ ሞተችበት። ያቺ አክስት በዚያው ዓመት ሦስት ጊዜ ሞታለች። እኔ ግን «መርማሪ» የሚለውን ስም ከሰማሁ በኋላ ወባውም ቆላውም አልታየኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ጉተማ የሚባል ሰው ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸውን አሥራ ሁለት ልጆች ሰብስቦ ማንበብ ያስተምራል። ዳዊት ለማስደገም አይደለም፤ ማንኛውንም የአማርኛ ጽሑፍ አንብበው እንዲረዱ ነው። መጽሐፍ እንዲላክለት ለመሥሪያ ቤታችን አመለከተ። መሥሪያ ቤቱም ለስድስት ወር ይሞከር፣ ከዚያ መርማሪ ይሂድና ይየው፤ ልጆቹ የሚያነቡ ከሆነ ሠላሳ መጻሕፍት ይላክ፣ የማያነቡ ከሆነ ትምህርቱ ይቁም ብሎ ወሰነ። ስድስቱ ወር አለቀ። መርማሪው እኔ ሆንኩ።

ለዚህ ሥራ ሁለት ነገር አዘጋጀሁ። አንደኛው መነጽር ነው። ከአንድ አርመን ሱቅ የገዛሁት ሲሆን መስተዋቱ እንደ መስኮት ያለ ተራ መስተዋት ነበር፤ ዓይኔ ደኅና ነው፣ የጎደለኝ ግርማ ሞገስ ነበር። ሁለተኛው የመመርመሪያ ቅጽ ነው። ስድስት ጥያቄዎች በሠንጠረዥ አሰመርኩ፤ ድምፅ፣ ፍጥነት፣ ነጥብ ላይ ማረፍ፣ የመጽሐፍ አያያዝ፣ አቋቋም፣ በመጨረሻም ያነበቡትን ማስተዋል። አምስቱ ከዚህም ከዚያም የለቃቀምኳቸው ናቸው። አራተኛው፣ የመጽሐፍ አያያዝ የሚለው ግን የራሴ ፈጠራ ስለሆነ በቀይ ቀለም አሰመርኩበት።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ ልናዘዝ። በልጅነቴ ቡልጋ፣ የኔታ ዘንድ ስማር ሰነፍ ነበርኩ። ጆሮዬ ግን ፈጣን ነው። ጓደኞቼ ሲያነቡ እሰማና በቃሌ እይዛለሁ፤ ከዚያ መጽሐፉን ፊቴ ገትሬ እንደሚያነብ ሰው እወዛወዛለሁ። አንድ ቀን እንዲያ ስንበለበል የኔታ አጠገቤ መጡ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር እጃቸውን ዘርግተው የመጽሐፉን የእንጨት ሽፋን፣ ገበታውን ዳሰሱ። ገበታው ላይ የተቀረጸው መስቀል እግሩ ወደ ሰማይ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ አርጩሜው ባልናገር ይሻላል። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ዘቅዝቆ የያዘ ሁሉ ለእኔ እንደኔው አጭበርባሪ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የምጠረጥረውን ነገር ከሕፃንነቴ ጀምሮ አሳምሬ አውቀው ነበር።

አዳማ የደረስኩት ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ከባቡሩ ስወርድ ካፖርቴን አላወለቅኩም፤ መርማሪ ካፖርት ያስፈልገዋላ! ጣቢያው ላይ ሦስት ሰዎች ጠበቁኝ። መምህሩ ጉተማ ቀጭን፣ ቃል ከአፉ ሳይወጣ ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነው፤ ቀድሞ በባቡሩ ሥራ አስተርጓሚ ነበር፣ ፊደልም የቆጠረው ሐረር ነው። ሁለተኛዋ እትዬ ሸዋወርቅ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ለመንገደኛ ምግብና መኝታ የምታሰናዳ የመንዝ ሴት ስትሆን የመማሪያውን ክፍል ያለ ኪራይ የሰጠችው እሷ ናት። ሦስተኛው የቆዳ ነጋዴው ጂብሪል ነው።

«አካም ጅርቱ! እንኳን ደኅና መጡ» አለኝ ጂብሪል፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ። ወዲያውም ያለ ዙሪያ ጥምጥም ነገሩን ነገረኝ። «እኔ ጌታዬ፣ ነገር ማድበስበስ አልወድም። ልጄ መሪማ ከነዚህ ልጆች ጋራ ትማራለች። እኔ ራሴ ፊደል ስለማላውቅ ታንብብ፣ ታስመስል መለየት አልችልም። እርስዎ ታነባለች ካሉ ትቀጥል። አታነብም ካሉ ግን አቦምሳ እህቴ ዘንድ ትሄድና ሱቅ ትጠብቃለች። ክፍሉንም እትዬ ሸዋወርቅ ለቆዳዬ ትሰጠኛለች። ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ቆዳዬ ሊበሰብስ ነው።»

«ታነባለች ካልኩስ ቆዳው?»

«ይበስብሳ!» አለ እየሳቀ። «ለልጄ ሲሆን ምን ይደረጋል?»

እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ የሰውየው ንግግር ልቤን ነክቶት ነበር። ግን መነጽሬን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ «ምርመራ የሚያውቀው እውነትን ብቻ ነው» ብዬ መለስኩለት። እንዲህ ያለ ነገር ስናገር ራሴን እሰማ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

ክፍሉን አሳዩኝ። ወለሉ ምሥጥ የሚመላለስበት አፈር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መሐሉ ላይ የባቡር ዕቃ የመጣበት አንድ የእንጨት ሣጥን ተደፍቷል። ሣጥኑ ላይ አንድ መጽሐፍ በጠፍር ታስሮ ተቀምጧል። በሣጥኑ ዙሪያ አሥራ ሁለት የግንድ ቁራጭ እንደ ማኅበርተኛ ክብ ሠርቶ ተደርድሯል።

«መጽሐፉ ይኸ ብቻ ነው?» አልኩ።

«የሟቹ ባለቤቴ ነው» አለች ሸዋወርቅ። «ያሰርኩትም እኔ ነኝ። መጽሐፍ እግር አለው፣ ካልታሰረ ይሄዳል። ልጆቹም በእጃቸው እንዳይነኩት ብዬ አስምያቸዋለሁ። ገጹን የሚገልጠው መምህሩ ብቻ ነው።»

ይህን ሁሉ በሁለት ጆሮዬ ሰማሁ፣ በሁለት ዓይኔ፣ ያውም በመነጽር አየሁ። አንድ መጽሐፍ፣ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ልጅ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ቆሞ ጥቂት ያስብ ነበር። እኔ ግን የተናገርኩት «ልጆች እንዲህ በክብ አይቀመጡም፣ ይህ ሥርዓት የለሽነት ነው፤ ነገ በሰልፍ ይቀመጡ» የሚል ነው። ጉተማ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም።

በማግሥቱ ጠዋት ግንዶቹን በሁለት ረድፍ አስደረደርኩ። ሣጥኑን ወደ ጥግ አስገፋሁ። መጽሐፉንም አስፈታሁ። ሸዋወርቅ ጠፍሩን ስትፈታ ፊቷ የልጅ ቀብር ላይ የቆመች ይመስል ነበር። በመጨረሻ ጉተማን «እርስዎ ውጭ ይቆዩ» አልኩት። «እኔ?» አለ። «አዎን። መምህር አጠገባቸው ከሆነ በዓይን ይጠቅሳል፣ በከንፈር ይነግራል። ሁሉንም አውቃለሁ።» ሰውየው ሄዶ ግራሩ ሥር ቆመ። የልጆቹን ነገር ሊያስረዳኝ የሚችለውን አንድ ሰው በገዛ አፌ ከክፍሉ አስወጥቼ ምርመራዬን ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተጠሩት ሦስት ልጆች መጽሐፉን እንደ ሰው ይዘው እንደ ሰው አነበቡ። ደስ አለኝ፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች ትይዩ ምልክት አኖርኩላቸው። አራተኛው ወዬሳ የሚባል ፀጉሩ የቆመ ልጅ ነው። መጽሐፉን ከመቀበሉ በፊት መዳፉን በልብሱ ጠረገ፤ በስድስት ወር ውስጥ መጽሐፍ በእጁ ሲይዝ የመጀመሪያው መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? አየው፣ አዞረው፣ እንደገና አዞረው፣ በመጨረሻ በጎኑ አቁሞ እንደ ውኃ የሚፈስ ንባብ አወረደው።

«እህ!» አልኩ በልቤ። «አገኘሁህ።»

ከዚያ ዲንቄ የምትባል ልጅ በሌላኛው ጎኑ አቆመችው። ከእሷ ቀጥሎ የተነሣውም አንገቱን እንደ ዶሮ አጋድሎ አነበበ። ቀዩን መስመር እያየሁ አንድ በአንድ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ አስቀመጥኩ። ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም። ከየኔታ ዘመን ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው የሚመስለው፤ ዛሬ እኔ የኔታ ሆኜ የዳሰስኩት መስቀል ሁሉ ተዘቅዝቋል።

መጨረሻ የመጣችው መሪማ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የአባቷን ሰፊ ግንባር የያዘች፣ ስትጠራ ከመነሣቷ በፊት ሻሿን የምታስተካክል ልጅ። መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አየችው፣ ፈገግ አለች። ከዚያም ያለ አንዳች ኀፍረት፣ ራሱን ወደ ታች እግሩን ወደ ላይ አድርጋ ዘቀዘቀችው። ቀና ብላ ቆማ አንድ ገበሬና አንዲት ዝንጀሮ ስለ እህል ጠባቂነት የተዋዋሉበትን ተረት አነበበች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ነጥብ ላይ ታርፋለች። ዝንጀሮዋ «እኔ ካለሁ ሌባ አይደርስም» ያለችበት ላይ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት።

በቅጹ ላይ «ያለ ምክንያት ትስቃለች» ብዬ ጻፍኩ።

ስድስተኛው ጥያቄ፣ ማስተዋሉ ቀርቶ ነበር። እሱን ለመጠየቅ ደግሞ ልጆቹ አይተውት የማያውቁት ጽሑፍ ማስነበብ ይሻል እንደነበር እኔም አላጣሁትም። በቦርሳዬ ውስጥ ጋዜጣ ነበረኝ። ግን ሚስቴ ዘርፉ ለመንገዴ ዳቦ ቆሎ የጠቀለለችበት ስለሆነ ቅቤው ጠጥቶታል። መርማሪ ቅቤ የጠጣ ጋዜጣ ከቦርሳው ሲያወጣ ቢታይ ክብሩ ምን ሊሆን ነው? በዚያ ላይ ከሸዋወርቅ ጓዳ የጥብስ ሽታ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ስድስተኛውን ጥያቄ በአንድ ሰረዝ ሰርዤ ምርመራው ማለቁን ነገርኳቸው። ጉተማ ከግራሩ ሥር መጥቶ «እንዴት ሆኑ?» ሲለኝ «ውጤት ምስጢር ነው» ብዬው አለፍኩ። ፊቱ ጠቆረ፤ እኔ ሆዴን ተከትዬ ሄድኩ።

ምሳ በልቼ በሸዋወርቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አስቀርቤ ሪፖርቴን መጻፍ ያዝኩ። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ባቡር ከአዋሽ በኩል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ያመለጠው ሰው የሚቀጥለውን ሦስት ቀን ይጠብቃል። የእጅ ጽሕፈቴን መቼም ጠላቴም አይክደኝም፤ ፊደሎቼ ትልልቅ፣ ጥርት ያሉ፣ ከሩቅ የሚነበቡ ናቸው። በዓለም ላይ ያለኝ እውነተኛ ሙያ እሱ ብቻ ነው። ጽፌ ጨርሼ ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ እየደጋገምኩ አደነቅኩት።

በዚህ መካከል ወደ ጠረጴዛው የሚመጣ የእግር ኮቴ ሰማሁ። መሪማ ናት። በመዳፏ ላይ አንድ ነገር ይዛለች።

«ጌታዬ፣ መነጽርዎን ሣጥኑ ላይ ረስተውት ሄደው ነው» አለችኝ። «ያለሱ እንዴት ይጽፋሉ ብዬ ሮጬ መጣሁ።» ከዚያ ወረቀቱን አየች፤ ሁለት ገጽ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ። «ጽፈዋል እንዴ?»

ምን ልበል? «አዎን… ዓይኔ አንዳንድ ቀን ይሻለዋል» አልኳት።

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ግን አልሄደችም። ከፊት ለፊቴ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ወረቀቱን ቁልቁል ማየት ጀመረች። ወረቀቱ ወደ እኔ የዞረ ስለሆነ አልደበቅኩትም። ለእሷ ተዘቅዝቋላ! ደግሞስ ማንበብ የማትችል ልጅ ምን ታደርገዋለች?

«በአዳማ… በሚሰጠው… የንባብ ትምህርት» አለች።

ቀና አልኩ። በጣቷ አየሩ ላይ መስመሩን እየተከተለች ነው።

«‹በአዳማ በሚሰጠው የንባብ ትምህርት ላይ የተደረገ ምርመራ። ከአሥራ ሁለቱ ልጆች ማንበብ የሚችሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ዘጠኙ በቃል አጥንተው የሚያስመስሉ መሆናቸውን ከመጽሐፍ አያያዛቸው ለመረዳት ችያለሁ።›» ትንፋሽ ወሰደች። ነጥብ ላይ ማረፏ ነበር። «‹ይልቁንም መሪማ ጂብሪል የተባለችው መጽሐፉን ጨርሶ ዘቅዝቃ በመያዝ አንዲት ፊደል እንኳ የማትለይ መሆኗን…›»

እዚያ ላይ ድምፅዋ ቆመ። ከንፈሯ ግን መንቀሳቀሱን አልተወም፤ የቀረውን በልቧ አነበበችው። ከጨረሰች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። ሰው ሳይሰርቅ ሰርቀሃል ሲባል የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነው፤ ቁጣ የለበትም፣ ግራ መጋባት ብቻ።

«እኔ ነኝ?» አለችኝ። «እኔ አላነብም?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ጸሎቴ ነበር። ከአፌ የወጣው ነገር ግን ከጻፍኩትም የባሰ ነው። «ከዚያ ሆነሽ እንዴት ታየሽ? ወረቀቱ እኮ ተዘቅዝቋል!»

ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። «ቦታዬ ነው» አለችኝ። «መምህር ከዚያ ወዲያ ይቀመጣሉ፣ እኔ ከዚህ ወዲህ። ወዬሳ በዚህ ጎን ነው፣ ዲንቄ በዚያኛው። ሁላችንም ከየቦታችን ነው የምናነበው።» ጥቂት አሰበችና ጠየቀችኝ። «ለእርስዎ ሌላ ነው እንዴ የሚታየው?»

ልጅቷ ፊደል ሌላ መልክ እንዳለው አታውቅም። አንድ መጽሐፍ ለአሥራ ሁለት ልጅ፣ ያውም የታሰረ መጽሐፍ! ስድስት ወር ሙሉ እያንዳንዳቸው ሀሁውን የለመዱት ከተቀመጡበት አቅጣጫ ነው። ሦስቱ የእኔ «ምስጉኖች» ከመምህሩ ጎን የተቀመጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ያ ብቻ ነው። እኔ ወረቀቱን በቀስታ አዞርኩና የራሴን ጽሑፍ ዘቅዝቄ ለማንበብ ሞከርኩ። በአርባ ዓመት ዕድሜዬ፣ የገዛ የእጅ ጽሕፈቴን፣ ሁለተኛው ቃል ላይ ተደናቀፍኩ። ይህች ልጅ በየቀኑ የምታደርገውን እኔ አልቻልኩም።

ሸዋወርቅ ከበሩ ላይ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። «አንተ፣ አቦምሳ ልትልካት ነበር?» አለችኝ። «በዚች ወረቀት?» «አንተ» ማለቷን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። እርስዎነቴ እዚያ በረንዳ ላይ አብቅቷል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ያን ዕለት ሞኙም ወረቀቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። አሁን የምነግራችሁን ደግሞ ባልናገር በወደድኩ፤ ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱን ስለመልቀቅ አላሰብኩም፣ ስለ ባቡሩ አሰብኩ። ማኅተሜን አትሜ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ ብሄድ ማን ይጠይቀኛል? የሕፃን ልጅ ቃል ማን ይሰማል? ይህን ሳስብ መሪማ መነጽሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ምናልባት ያለሱ ሲጽፉ ተሳስተው ይሆናል» አለችኝ፣ በቅንነት።

ካፖርቴን አውልቄ ተነሣሁ።

«ልጆቹን ጥሪያቸው» አልኳት። «በየቦታችሁ ተቀመጡ፤ እንደ ድሮው።»

ሣጥኑን ከጥጉ ራሴ ጎትቼ መሐል አደረስኩት። ግንዶቹን ጉተማና እኔ በክብ አደረግናቸው፤ ነገሩን ስነግረው አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። እሱም አላወቀም ነበር። ልጆቹ መጽሐፍ በእጃቸው ሲይዙ አንድም ቀን አይቶ አያውቅም፣ ከበላይ ሆኖ የሚሰማው ትክክለኛውን ንባብ ብቻ ነው። ከቦርሳዬ ጋዜጣውን አወጣሁ። ዳቦ ቆሎውን አራግፌ፣ ቅቤው የጠጣውን ወረቀት ሣጥኑ ላይ ዘረጋሁ። ያን ጊዜ ከሩቅ ባቡሩ ጮኸ። ጉተማ አየኝ። «ይሂድ» አልኩት።

ጋዜጣው ላይ አንድ ማስታወቂያ ነበር። በቅሎ የጠፋችበት ሰው «ያገኛት ቢኖር ወሮታውን እከፍላለሁ» ይላል። አንዱ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ፣ መሪማ ከማዶ፣ ሌሎቹም ከየማዕዘናቸው እየተቀባበሉ አነበቡት። አይተውት የማያውቁት ጽሑፍ ነው፤ ቅቤው ያጠፋቸውን ፊደሎች እንኳ ከቀጣዩ ቃል ገምተው ሞሉ። ሲጨርሱ ያን የተሰረዘ ስድስተኛ ጥያቄ ጠየቅኩ። «ምን ተረዳችሁ?»

ወዬሳ እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ ይኸ ሰውዬ በቅሎውን አያገኛትም።»

«ለምን?»

«መልኳን አልጻፈማ። ዳማ ትሁን፣ ቦራ ትሁን በምን ይታወቃል? በመንገድ ላይ ባያት እንኳ የሱ መሆኗን አላውቅም።»

ልጆቹ ሳቁ። ማስታወቂያውን እኔ በባቡር ውስጥ ሁለት ጊዜ አንብቤው ነበር። መልኳ አለመጻፉን ልብ አላልኩም።

አመሻሹ ሳይደርስ እዚያው በረንዳ ላይ አዲስ ሪፖርት ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ጂብሪልም መጥቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ ሸዋወርቅ ሹክ ብላዋለች መሰለኝ ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። መሪማን ማዶ አስቀመጥኳት። «እኔ ስጽፍ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ አባትሽ ይስማ» አልኳት። አንድ ቃል ስጽፍ አንድ ቃል ታነባለች። ያለ ጥርጥር በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ያልገባበት ወረቀት እሱ ነው፤ ማዶ አንባቢ ተቀምጦ እንዴት ይዋሻል?

ለማለሳለስ አልሞከርኩም አልልም። «በመጀመሪያው ምርመራ ላይ መጠነኛ አለመግባባት ቢኖርም» ብዬ ጀምሬ ነበር። መሪማ አነበበችውና «ምን አለመግባባት?» አለችኝ። ሰረዝኩት።

«‹አሥራ ሁለቱም ልጆች ያነባሉ›» አለች ብዕሬን እየተከተለች። ከኋላዬ የጂብሪል ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ። «‹ያነበቡትንም ያስተውላሉ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ስላላቸው ከየአቅጣጫው ማንበብ ለምደዋል። ሠላሳው መጻሕፍት በቶሎ ይላክ።›» እኔ የመጨረሻውን መስመር ጻፍኩ። እሷም አነበበችው። «‹በዚህ ምርመራ ማንበብ ሳይችል የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መርማሪው ነው።›»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። መሪማ ግን ወረቀቱን አሁንም እያየች ነው።

«ጨርሰዋል?»

«አዎን።»

«ስሙን አልጻፉትም» አለችኝ። «የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? እንደ በቅሎው ሊሆን ነው።»

ብዕሩን አንሥቼ ቀለም ነከርኩና ከሥሩ ጻፍኩት። ወልደአማኑኤል ረዥም ስም ነው፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከማዶ ሆና እየጠራች፣ አንዲቱን እንኳ ሳትስት፣ ለአባቷ አነበበችለት።